ሊብሬው ላይ የሌለው ስም

«ዘንድሮ አሮጌ የናፍጣ ላንድሮቨር የሚገዛ ወይ ሀብታም ነው ወይ ዕብድ» አለኝ ደላላው። ከእግር እስከ ራሴ ቃኘኝና ሀብታም አለመሆኔን ሲያረጋግጥ ሌላውን ደግሞ ለመናገር አፈረ መሰለኝ፣ ዝም አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ምን ልበለው? ዕድሜዬን ለተማሪ ስለ ልብ ወለድ ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ እንደምትጠጣና ገንዘብ እንደምትበላ ብቻ ነበር።

ያየናት ኮልፌ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ጥግ ቆማ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው) የተሠራች፣ ከአጭሯና ከረጅሟ ረጅሟ፣ አረንጓዴ ቀለሟ ተቀብቶ ተልጦ፣ ደግሞ ተቀብቶ ደግሞ የተላጠ። ሻጩ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት አብረውኝ የመጡት ሽማግሌ መካኒክ ጠጋ ብለው መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው።

«ሞቃለች» አሉ። «ነገ ሲነጋ እንመጣለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት።»

ሻጩ የጎረሰው ትን እንዳለው ሰው ሆነ። የናፍጣ ሞተር ጤናው የሚታወቀው በብርድ ነው። ገዢ ከመምጣቱ በፊት አሙቆ ማቆየት የቆየ ብልሃት መሆኑን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። በማግስቱ ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሦስት ጊዜ ተንፈራገጠች፤ በአራተኛው ተነሣች፤ ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ «ጋዜጣ ላይ ከወጣሁ የአዲስ አበባ አሮጌ መኪና ሁሉ በሬ ላይ ይሰለፋል» ብለው) በጭሱ ውስጥ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አነሰ ማለት ነው፤ ሰማያዊው ዘይት እየነደደ ነው፤ ነጩ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም፣ እግዜር አያምጣውና፣ ውኃ ነው። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ሳሳ። «ውኃ አይደለም። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ናቸው» አሉ። ዋጋው ወረደ፤ እኔም ገዛሁ።

ሊብሬዋን ቤት ወስጄ እንደ ልቦለድ አነበብኩት። መጀመሪያ ንብረትነቷ የአንድ መሥሪያ ቤት ነበር። በጨረታ ተሸጠች፤ ነጋዴ ገዛት፤ ከእሱ ለሌላ፣ ከሌላው ለሌላ ተላለፈች። የሞተር ቁጥር አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የባለቤቶቿ ስም እስከ አያት አለ። ከገጽ ገጽ ሳገላብጥ የሚጎድለኝ ነገር ያለ መሰለኝና ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የነዳት ሰው ስም የለም። መሥሪያ ቤት መሪ አይጨብጥም፤ ነጋዴውም ቢሆን ሾፌር ሳይኖረው አይቀርም። ከሃምሳ ዓመት በላይ በፍሬንና በፍሪሲዮን የተሟገቷት ሰዎች አንድ መስመር እንኳ አላገኙም።

የሾፌር ልጅ ነኝ። ነገሩ የከነከነኝ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

አባቴ ለወባ ማጥፊያ ድርጅት ይነዳ ነበር። ቤታችን መርሳ ነው፤ የሥራ ቀጠናው ደግሞ በአመዛኙ ከወልድያ በታች፣ የቆቦ ሜዳ። ድርጅቱ ለምን እንደተቋቋመ የዛሬ ልጆች ብዙም ስለማያውቁ ላስታውስ። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መኸር በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሳይቀር ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ጉዳዩን ያጠኑ ሐኪሞች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ገምተዋል። ማሳ ላይ የደረሰ እህል አጫጅ አጣ። በዓመቱ፣ በ1951፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተመሠረተ። ሥራው በወረቀት ሲያዩት ቀላል ነው፤ ወባማ በሆነ አገር ያለውን እያንዳንዱን ጎጆ ግድግዳ ዲዲቲ መርጨት። ችግሩ ጎጆው ዘንድ መድረሱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው መኪናዋ ወደ ታሪኩ የምትገባው።

ላንድሮቨርን የወለዳት ችግር ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባል ደሴት ላይ እርሻ ነበረው። እርሻውን የሚሠራውም ከጦርነቱ በተረፈች የአሜሪካ ዊሊስ ጂፕ ነበር። ይህች ስትሞት በምን እተካታለሁ ብሎ ተጨነቀ፤ ኩባንያው ደግሞ ወደ ውጭ የሚሸጠው ነገር ይፈልጋል። እንግሊዝ ያኔ ብረት በራሽን የምታድልበት ጊዜ ስለሆነ አካሏን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሯት። የኔዪቱ ላሜራ ዛሬም ያልዛገው በዚያ ድህነት ምክንያት ነው (ሻንሲው ብረት ስለሆነ የደረሰበትን አልነግራችሁም)። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 አምስተርዳም በተከፈተው የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየች። የታሰበችው ለገበሬ ነው፤ ከሞተሯ ኃይል ተቀብሎ ውኃ የሚስብ፣ እህል የሚወቃ መሣሪያ እንዲገጠምባት ተደርጋ ነው የተሠራች። ለጥቂት ዓመት ማለፊያ ተብላ የተጀመረችው መኪና እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ሚሊዮን ሞላች።

ለገበሬ ታስባ የተሠራች መኪና እኛ አገር ስትደርስ ግን ገበሬው ሲያያት የኖረው ከመንገድ ዳር ቆሞ ነው። ውስጧ የሚቀመጠው ሌላ ነበር፤ የአውራጃ ገዢ፣ ፖሊስ፣ ሚሲዮናዊ፣ መሬት ለካ። ኋላ ደርግ መጣና የሶቭየቷን ዋዝ አመጣ፤ ካድሬው ከእሷ ወረደ። በ1977 ረሀብ ደግሞ የወሎ መንገድ በነጫጭ ቶዮታ ላንድክሩዘር ተሞላ። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ቶዮታ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ የላንድሮቨርን ዝና አይቶ መሆኑን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። መርሳ ላይ ጎረምሳ ሆኜ ያየሁት ይህንን ነው። የገጠሩ ሰው መንግሥት መለወጡን የሚያውቀው ከሬዲዮ ይልቅ በመኪናው ዓይነት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አቧራው ግን ያው አቧራ ነው።

የወባዋ ላንድሮቨር ከሁሉም የምትለየው ልትወስድ ሳይሆን ልትረጭ በመምጣቷ ነበር። ሰው ግን መጀመሪያ ይህን አያምንም። አባቴ እንደሚያወራው፣ ገና ድምፅዋ ሲሰማ ወንዱ ዱር ይገባል፤ ግብር መስሎት። ረጪዎቹ ታንካቸውን አዝለው ሲወርዱ ነው ሴቶቹ ብቅ የሚሉት። ከዚያ ቤት ሙሉ ዕቃ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ማድጋው፣ ቁርበቱ፣ ሞሰቡ፣ አልጋ ላይ የዋሉት አያት ሳይቀሩ። ቤቱ ይረጫል። ምሽት ላይ ቁንጫውና ትኋኑ አብሮ ማለቁ ሲታወቅ ድርጅቱ ወዳጅ ያፈራል። «እኔን የመረቁኝ ስለ ወባ አይደለም፣ ስለ ትኋን ነው» ይል ነበር።

የአባቴ መኪና የቤንዚን ነበረች። የቤንዚን ሞተር ጠላቱ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ጎሊና ሲሞላ መሻገር የግድ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የቬንቲሌተሩን ቺንጋ ይፈታል፤ አለበለዚያ ቬንቲሌተሩ ውኃውን አንሥቶ ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። ካንዴላው ወይም ዲስትሪቡተሩ ውኃ ከነካው ሞተሩ ወንዙ መሐል ቀጥ ይላል። ያኔ ሸሚዝ አውልቆ፣ ወንዙ ውስጥ ቆሞ፣ ዲስትሪቡተሩን በሸሚዝ ማድረቅ ነው። አንድ ጊዜ ይህን እያደረገ ሳለ ከላይ ደራሽ መጣ። የሚያስፈራው ክፍል ላይ ሲደርስ አባቴ ሁልጊዜ ቡናውን ፉት ይልና «ናፍጣ ብትሆን ኖሮ…» ይላል። ልጅ ሳለን «ናፍጣ ብትሆን ኖሮ» ቤታችን ውስጥ ተረት መጨረሻ ነበረች።

ለምን ናፍጣ ብትሆን? የናፍጣ ሞተር ካንዴላ አይለኩሰውም። አየሩን ብቻ አምቆ፣ ጨምቆ፣ ከመጨናነቁ ብዛት እሳት እስኪሆን ያግለውና ከዚያ ናፍጣውን ይረጭበታል፤ በራሱ ይነዳል። በኔዪቱ ሞተር አየሩ ወደ ሃያ ሦስት እጅ ነው የሚታመቀው። አንዴ ከተነሣ በኋላ አየርና ናፍጣ እስካገኘ ድረስ የሚያቆመው የለም፤ እኔም ለማጥፋት ቁልፍ ማዞር ስለማይበቃኝ ናፍጣውን የሚዘጋውን ጉጥ እስባለሁ።

ይህን ያሰበው ሩዶልፍ ዲዝል ከጀርመናውያን ወላጆች ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1858 የተወለደ መሐንዲስ ነው። አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ሞተሩ በይፋ ተፈትኖ ከነዳጁ ጉልበት ሩብ ያህሉን ወደ ሥራ መለወጡ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. የካቲት 1897 ነው። በእኛ አቆጣጠር አድዋ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። አጼ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ያዩት፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ባመጣላቸው ጊዜ ነው፤ እሷ ግን የቤንዚን ነበረች። ዲዝልና ምኒልክ የሞቱት በአንድ ዓመት፣ በ1906 ነው። ዲዝል በመስከረም ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ሌሊት ከመርከብ ላይ ጠፋ፤ ዕዳ ነበረበት ይላሉ። ምኒልክ በታኅሣሥ አረፉ። ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኛቸው ምንም ነገር የለም፤ ነገር ግን ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለውን መገጣጠም አይቶ አያልፍም፣ ይቅር በሉኝ።

ላንድሮቨር የናፍጣ ሞተር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ የኔዪቱ ዓይነት፣ ሁለት ሊትር ከሩብ የሚባለው፣ በ1961 ተከተለ። ጉልበቱ 62 ፈረስ ነው። ፈረሶቹ ግን የባሕር ዳርቻ ፈረሶች ናቸው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ እንጦጦን ሲወጡ ከፈረሶቹ ብዙዎቹ ይቀራሉ።

አሁን ወደ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ልመለስ። ጠዋት በብርድ አየሩ የሚበቃውን ያህል ስለማይግል፣ አራቱ ሲሊንደሮች ለየራሳቸው የምትግል ትንሽ ካንዴላ አለቻቸው። የኔዪቱ ፋብሪካ አራቱን በአንድ ክር ነው ያያያዛቸው፤ መብራቱ ከአንዷ አልፎ ነው ለሌላዋ የሚደርሰው። ስለዚህ አንዷ ስትቃጠል አራቱም ይጨልማሉ። የትኛዋ እንደሞተች ለማወቅ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። ጋሼ የመጀመሪያውን ጠዋት ሙሉ በዚህ አሳለፉ። «ለምን ለየብቻ አንዘረጋቸውም?» ብላቸው፣ «ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ ግን አልወድም። አንዷ ስትሞት ሦስቱ ይሸፍኑላታል፤ አንተም ሳታውቅ ትከርማለህ» አሉኝ።

እኚህ ሰው ዘንድ ባሳለፍኳቸው ቅዳሜዎች የተማርኩት ከመካኒክነት ይልቅ ቋንቋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ውሰት ቃላት ሳስተምር ምሳሌ የምፈልገው ከመጽሐፍ ነበር፤ መምህሮቹ ግን ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ሞተሪኖ፣ ማኒቬላ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፤ ሊብሬው ራሱ፤ ናፍጣም ብትሆን በጣልያን አፍ ነው የገባችብን። ፋሺስቱ ጣልያን የገዛን አምስት ዓመት ነው፤ ለመኪና አካል የሰጠው ስም ግን ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ከ1933 በኋላ አገር ውስጥ የቀሩት ጣልያኖች ጋራዥ ከፈቱ፤ ልጆች ዕቃ እያቀበሉ ከእነሱ ተማሩ፤ ጋሼም በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበሩ። «ካቻቢቴ አምጣ ሲለኝ መዶሻ ወሰድኩለት። መታኝ። ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም» ይላሉ፤ ይስቃሉም። እናም እንግሊዝ የሠራት መኪና አማርኛ በሚናገር ሰው እጅ በጣልያንኛ ትፈታለች። ጋራዡ የሚለው ቃልና ሾፌሩ ደግሞ ከፈረንሳይ መጡ።

ሾፌር ካልኩ አይቀር። አንድ ቀን ጋሼ መኪናዋ ሥር ተኝተው ሳለ «ይህችን ለረጅም ዘመን አንድ ሰው ነው የነዳት» አሉኝ። እንዴት አወቁ? መጀመሪያ የግራውን በር አሳዩኝ። መስኮቱ ሥር ያለው የላሜራ ጠርዝ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ተፈግፍጎ ያበራል፤ ክርን ነው። ቦታው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውየው አጭር ነበር። የፍሪሲዮኑ መርገጫ ጠርዙ አልተበላም፤ እግሩን እዚያ ላይ አሳርፎ የመንዳት ልማድ አልነበረውም። ባለ ቀይ ጉጥ እጀታዋ፣ ዳገትና ጭቃ ላይ ከባዱን ማርሽ የምታስገባዋ፣ ጥርሶቿ ንጹሕ ናቸው፤ መኪናዋን አቁሞ ነው የሚያስገባት፣ እየሄደ አይደለም። «ጥሩ ሾፌር ነበር» አሉና እንደገና ሥሯ ገቡ።

ቤቴ ሄጄ የአባቴን ሣጥን አወጣሁ። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መንጃ ፈቃዱ አለ፤ ከዚያ ሌላ ጡረታ የወጣበት ደብዳቤና አንድ ካኪ ደብተር። ደብተሩን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም። ሃያ ዓመት የሰው ድርሰት ሳርም የአባቴን ደብተር አላነበብኩም።

ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ቦታ። ሌላ የለም። «ቆቦ። ጭቃ። 3 ቀን።» «ወልድያ። ባሌስትራ።» «ጎሊና። ሙሉ። ተመለስኩ።» እንዲህ ያለ አማርኛ ተማሪዎቼ እንዲጽፉልኝ ስንት ዓመት ለምኛለሁ። አንድ ገጽ ላይ ግን ከሌላው የሚለይ አገኘሁ። ሐምሌ 1963 ይላል። «ከቆቦ ማዶ፣ ደሴ ሆስፒታል። 1 ሴት፣ ምጥ። 1 አማት። ያለ ትእዛዝ።» ከጎኑ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር አለ። ከቆቦ ደሴ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሐምሌ፣ በዚያን ጊዜ መንገድ፣ በዚያች መኪና ሌሊቱን ሙሉ መሆን አለበት። ሊትሩ የተጻፈበት ቦታ ባዶ ነው። ነዳጁን ከየት እንዳመጣው ልቤ ይገምታል።

እናቴ አለች። ስልክ ደውዬ ጠየቅኳት።

«አዎ፣ መቀመጫውን ሲያጥብ አስታውሳለሁ» አለችኝ።

«ሴትየዋስ?»

«ወንድ ወለደች ብሎኛል። ማን እንዳሉት ግን አልጠየቅኩትም።»

ያ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ ሃምሳዎቹን አጋምሷል፤ ከኔ ጥቂት ያንሳል። በሆስፒታሉ መዝገብ የእናቱ ስም ይኖር ይሆናል፤ የሐኪሙም ስም አይጠፋም። ከቆቦ ማዶ ደሴ የነዳው ሰው ግን የሚገኘው በዚህ ካኪ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም እሱም ስሙን አልጻፈም። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ዘመቻውንና ሹሙን፣ ለጋሹንም ይጽፋሉ። በ1951 የተጀመረው ያ ሁሉ ርጭት በሰንጠረዥ ተጽፏል፤ ይህን ያህል ቤት፣ ይህን ያህል ሰው ተብሎ። ሰንጠረዡን ጎጆው ደጃፍ ድረስ ያደረሰው ማን ነበር? ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ስለ ገጸ ባሕርይ ሳወራ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን አላነሣሁትም።

ልጄ ግን የተለየ ጥያቄ አላት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የአካባቢ ጤና ተምራለች። መኪናዋን ያስገባሁ ቀን በረንዳ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛ ተቀበለችኝ። «አባዬ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ነው ያለው እኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አያቴ ሰው ሲያድን ኖሮ አንተ በእሱ ስም የጎረቤት ልጆችን ታጨሳለህ?» አለችኝ። ምን ትመልሳላችሁ? እኔ ስለ አያቷ ማውራት ጀመርኩ። እሷ ስለ ጎረቤታችን ሕፃን አወራች፤ አስም አለበት። ትክክል ነች።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሌላ ይመክረኛል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሣ ናፍጣ ለዘመናት ከቤንዚን የሚረክስበት ዘመን አበቃ። በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ተወሰነ። በዚህ ሁሉ መሐል አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይልም። «አሁን ሽጣት፤ ታተርፋለህ» ይሉኛል። ያ ደላላም ሰሞኑን ደውሎ ነበር፤ ዕብድ ያለኝን ረስቶታል።

ጋሼ ስለ ልጄ ስነግራቸው አልተቆጡም። «ልክ ናት» ብለው ፓምፑን ፈቱ። ነገሩ ይህ ነው፤ ፓምፑ የሚረጨው ናፍጣ ፋብሪካ ሲለካ ለቆላ አየር ነው የተለካው። እዚህ አየሩ ሳስቶ ሳለ ናፍጣው ያው ከሆነ፣ የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የቀደሙት ባለቤቶች ደግሞ ጉልበት ትጨምር ብለው ጭራሽ አስከፍተውታል። ጋሼ ወደታች መለሱት፤ ኖዝሎቹንም አስፈተሹ። ጭሱ ቀነሰ፤ ጉልበቱም ቀነሰ። አሁን እንጦጦን ስወጣ አህያ የጫኑ እናቶች ዘወር ብለው ያዩኛል፤ አንዳንዴም ይቀድሙኛል።

ልጄ አንድ ጠዋት ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች። ጋሼ ናቸው ያስተማሯት፤ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይዘው ሞተሩን ማስጮህ ነው። ጨርቁን ገልብጣ አየችው። «ከባለፈው ይሻላል» አለች። ከዚያ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ማስረጃ መሆኑ ነው። እኔም ሕፃኑ ትምህርት ቤት እስኪሄድ ድረስ ሞተር ላላስነሣ ተስማምቻለሁ፤ ከተማ ውስጥም በእግሬ እሄዳለሁ። መኪናዋ የምትወጣው ለሩቅ መንገድ ብቻ ነው። ይህ ክርክሩን ጨረሰው አልልም፤ ጨርቁ አሁንም ነጭ አይደለምና።

ጋሼን የሚያስጨንቃቸው ግን ጭሱ አይደለም። ረዳታቸው የነበረው ልጅ፣ ጣቱ ኖዝል የሚያዳምጥ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ሊማር ሄደ። «ደግ አደረገ። እኔም ወጣት ብሆን እሄድ ነበር» ይላሉ። ቆይተው ደግሞ «እሱ ካቻቢቴን ምን እንደሚላት እንጃ እንግዲህ» ይላሉ። የእጅ ሙያቸውን የጻፉበት ወረቀት የለም። እስክሪብቶ ይዤ ልጽፍልዎ ብላቸው «ምን ብለህ ትጽፋለህ? እጅህን አምጣ» ብለው መዳፌን የሚሠራው ሞተር ላይ አስቀመጡት። አራቱን ሲሊንደሮች በመዳፌ እንድለይ ነው። አንዱን ብቻ ለየሁ፤ እሱንም የታመመ ስለነበረ ነው።

ደብተሩን አሁን ዳሽቦርዱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ከኋላ ብዙ ባዶ ገጽ ነበረው። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ቦታ። ባለፈው እሑድ የጻፍኩት «ደብረ ብርሃን። ጤና።» ይላል። ማክሰኞ ደግሞ ጋሼ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ ትናንት ጠዋት አልነሣም አለች፤ ከአራቱ አንዷ ተቃጥላለች።